አሥራ ሁለተኛው ኩባያ

ባለቤቴ ሰይፉና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር አንድ ሳህን፣ አንድ ካልሲና አንድ ሎሚ አንዱን በአንዱ ላይ መቆለል ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋስ ስልክ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ይጫጫነዋል፤ ፋብሪካዎቹ ዝም ይላሉ፣ ውሾቹ እንኳ ለመጮኽ ይሰንፋሉ። በመስኮት የገባችው ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ጋደም ብላለች። ሰይፉ ጋቢውን ደርቦ ተቀምጧል፤ በእጁ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣቸው ባለቀዳዳ ካርዶች አሉ። በካርዶቹ ጀርባ ላይ የጻፈውን ትእዛዝ አንድ በአንድ ያነባል። እኔ ፊቱ ቆሜአለሁ። እኔ ማሽኑ ነኝ።

ማሽን መሆን ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ፤ በኋላ የደረሰብኝ ጣጣ ሁሉ ከዚህ ነው የተነሣው።

ሰይፉ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። ኮምፒውተሩ ከሠራተኞቹ ሁሉ የተሻለ ኑሮ ነበረው። የራሱ ቀዝቃዛ ክፍል አለው፤ ጫማውን ሳይጠርግ የሚገባበት የለም፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ስለ እሱ ጤንነት ይጨነቃል። ታዲያ ይህ ጌታ ቀኑን ሙሉ የሚያሰላው ደመወዝና የእህል ኮታ ነው። ሰይፉ ደግሞ ሌላ ሕልም ነበረው። ማሽኑን በአማርኛ የሚያዝዙበት አንዲት ትንሽ ቋንቋ መሥራት ይፈልጋል። «አስቀምጥ» ሲሉት የሚያስቀምጥ፣ «ሰብስብ» ሲሉት የሚሰበስብ። ሰው የጻፈው ትእዛዝ መጀመሪያ ወደ አጫጭር ቁጥሮች ይቀየራል፤ እነሱን ባይት ኮድ ይላቸዋል። ከዚያ አስተርጓሚ የሚባለው ፕሮግራም ቁጥሮቹን እያነበበ ይፈጽማል። ለዚህ ሕልም ማሽኑን የሚያውሰው አለቃ ስላልነበረ፣ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ደመወዝ አልነበረውም።

«ሳህን አስቀምጪ» አለኝ። አስቀመጥኩ።

«ካልሲ አስቀምጪ።»

«የታጠበ ነው?»

«ማሽን አይጠይቅም።»

ሳህኑ ላይ ካልሲ አኖርኩ። ካልሲው ላይ ሎሚ አኖርኩ። ሎሚው ተንከባለለ፤ መልሼ አኖርኩት።

«አሁን ሁለት ሰብስቢ።»

ዋናው ትእዛዝ ይሄ ነው። ሁለት ሰብስቢ ማለት ከቁልሉ ላይ የላይኞቹን ሁለት ዕቃዎች አንሥተሽ፣ አንድ ቅርጫት ውስጥ ከትተሽ፣ ቅርጫቱን እንደ አንድ ዕቃ መልሰሽ ቁልሉ ላይ አስቀምጪ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ካልሲና ሎሚ የሚባል የለም፤ ሳህንና ቅርጫት ብቻ ነው ያለው። እኔ ሎሚውን ከተትኩ፣ ካልሲውን አስከተልኩ።

«ገለበጥሽው» አለ ሰይፉ። «መጀመሪያ የተቀመጠው ካልሲው ነው።»

«መጀመሪያ እጄ የገባው ግን ሎሚው ነው።»

«እጅሽ የሚያገኘው የኋለኛውን ነው። ቅርጫቱ ማስታወስ ያለበት ግን ከፊተኛው ጀምሮ ነው።»

ካልሲውን አስቀድሜ እንደገና ከተትኩ። ቀጥሎ «ምንም ሰብስቢ» አለኝና እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። እሱም ትእዛዙ አለመሰብሰብ ማለት እንዳልሆነ አስረዳኝ። ባዶ ቅርጫት አምጥቼ ቁልሉ ላይ ማስቀመጥ አለብኝ፤ ባዶ ቅርጫትም ዕቃ ነው። አመጣሁ። ከዚያ «ሦስት ሰብስቢ» ሲል ሁለቱንም ቅርጫት ከነሳህኑ ትልቁ መሶብ ውስጥ ጨመርኳቸው።

«ሳህኑን ለምን ነካሽው? እሱ የሌላ ሥራ ነው!»

«ሦስት አልክ እኮ።»

ካርዱን አየና ሳቀ። ስህተቱ የሱ ነው፤ ሁለት ማለት ሲገባው ሦስት ብሎ ጽፏል። «ማሽን ዕቃው የማን እንደሆነ አያይም» አለኝ፣ በእርሳሱ እያረመ። «ከላይ ስንት እንደተባለ ብቻ ነው የሚያየው። ስንት እንዳስቀመጠ ማወቅ ያለበት ትእዛዙን የጻፈው ነው።»

ከዚያ በኩባያው ውኃ ጠጣ። ኩባያው ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የብረት ኩባያ ነበር፤ ያኔ በመንግሥት ሱቅ የሚሸጠው ሌላ ዓይነት ስላልነበረ የአገሩ ሰው ሁሉ ኩባያ እሱን ይመስላል። የሰይፉ ልዩ የሚሆነው ከሥሩ ነው። ሲያፈስስበት ጊዜ ቀዳዳውን በቀለጠ እርሳስ ደፍኖት ነበር፤ ሲገለብጡት ምስር የምታክል ነጥብ ታበራለች።

ሰኞ ከሥራ አልተመለሰም። ልቡ ነው አሉ።

ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ውኃ ውስጥ እንዳለ ነው። ሰዎች ይናገራሉ፣ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ድምፁ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። የእድሩ ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚዎቹ ገቡ፣ ኩባያዎቹ በየደርዘኑ በጨርቅ ታስረው መጡ። ጎረቤቶች ድስቱንም ሳህኑንም እያመጡ ደረደሩ። ሰይፉ ያመጣው ረጅም የኮምፒውተር ወረቀት እየተቀደደ ንፍሮ መቋጠሪያ ሆነ፤ ሰው ሁሉ በደመወዝ ስሌት ላይ ስንዴና ሽምብራ ይበላ ነበር። የሱ ኩባያ እሑድ ባስቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። እኔ አላነሣሁትም። ሌላ ሰውም አላነሣውም፤ ሴቶቹ የእድሩን ኩባያ እያጠቡ እላዩ ላይ ቆለሉበት።

ለቅሶው አብቅቶ ዕቃ የመመለሻው ቀን ሲደርስ እኔ አሁንም ውኃው ውስጥ ነበርኩ። እጄ ግን ሥራ ፈለገ። እጅ ብቻውን ሥራ ሲፈልግ የሚያውቀውን ነው የሚሠራው፤ የኔ እጅ ደግሞ ማሽን ነበር።

በጎረቤቶች ዕቃ ጀመርኩ። ሰይፉ ሌላም የመሰብሰቢያ ትእዛዝ አስተምሮኝ ነበር፦ ስም፣ ዕቃ፣ ስም፣ ዕቃ እያሉ ጥንድ ጥንዱን መሰብሰብ። ከዚያ በኋላ ስሙን ሲጠሩ ዕቃው ይመጣል። ግሩም ነገር ነው። እኔም ሴቶቹ ዕቃ ይዘው የገቡበትን ተራ አስታውሼ ስማቸውን እየጠራሁ፣ በአግዳሚው ላይ ከተደረደረው ዕቃ በተራው አንድ አንድ እያነሣሁ በየቤቱ አደረስኩ። የረሳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለሱቋ ነፊሳ በተራዋ ገብታለች፣ ያመጣችው ግን በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ነበር። ስኳሩ ተጠጥቷል። ስለዚህ ነፊሳ ስትጠራ የሚቀጥለውን ሴት ድስት ተቀበለች፤ የሚቀጥለዋም የሚቀጥለዋን፤ እንዲህ እያለ እስከ መንገዱ ዳር ድረስ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ድስት ተንሸራተተ።

ከሰዓት በኋላ ሴቶች በየአቅጣጫው ድስት አቅፈው ሲሄዱ አየሁ። ማንም አልተቆጣኝም። ባል የሞተባትን ሴት ስለ ድስት የሚቆጣ የለም፤ ቢሆንም ሁሉም ሲያልፉ ክዳኑን ከፍ አድርገው ያዩ ነበር። ነፊሳ ብቻ ከሱቋ ብቅ ብላ፣

«እኔ የሰጠሁሽ ስኳር ነው፤ ድስት ሆኖ ነው የተመለሰልኝ። ዘይት ባመጣ ኖሮ ምን ልታደርጊኝ ነበር?» አለችኝ።

ከዚያ ጋሽ ቱፋ ጋሪያቸውን ይዘው መጡ። ጋሽ ቱፋ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ናቸው። ከተማው ሳይደርስ ጀምሮ እዚሁ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ከተማው መሬታቸውን እየተጠጋ ቢመጣም እሳቸው የእድሩን ዕቃ እንደ ከብት ነው የሚጠብቁት። የትኛው አግዳሚ እንደሚያነክስ፣ የትኛው ድስት እንደሚያኮርፍ ያውቃሉ። ዓይናቸው ግን ደክሟል።

«ልጄ፣ ኩባያውን ደርዘን ደርዘን አድርገሽ እሰሪልኝ» አሉ።

አሥራ ሁለት ሰብስቢ ማለታቸው ነው። ከላይ አሥራ ሁለት አነሣሁ፣ ጨርቅ ላይ አኖርኩ፣ አሠርኩ። አንድ ዕቃ ሆነ። እንደገና አነሣሁ፣ አሠርኩ። ሰይፉ ከኋላዬ ቆሞ የሚያነብልኝ መሰለኝ፤ ደስ የሚል ነገር ነበር፣ አልደብቃችሁም። የመጨረሻውንም አሥራ ሁለት አነሣሁና አሠርኩ። ጠረጴዛው ባዶ ሆነ። ጋሽ ቱፋ እስሮቹን በእጃቸው እየዳሰሱ ጋሪው ላይ ጫኑ። «አንድ አልጎደለም፤ እንዲህ ያለ ቤት አይቼ አላውቅም» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ውኃ ልጠጣ ስል የሱን ኩባያ ፈለግሁ። ጠረጴዛው ላይ የለም። መደርደሪያው ላይ የለም። አልጋ ሥር ተንበርክኬ አየሁ። በመጨረሻ ከውኃ በርሜሉ ኋላ አንድ ኩባያ አገኘሁና ልቤ ዘለለ፤ ስገለብጠው ግን የእድሩ ምልክት የሆነው ቀይ ቀለም አለበት። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች በለቅሶው መሐል ለዶሮዎቼ ውኃ ሰጥተውበት እዚያው ጥለውት ኖሯል።

እዚያው በርሜሉ አጠገብ ቁጭ አልኩ። የእድሩ ኩባያ አንድ ጎድሎ ነበር ማለት ነው። አሥራ ሁለት ሰብስቢ ስባል ከላይ የነበረው አሥራ አንድ ነበር። እጄ ግን አሥራ ሁለት ተብሏል፤ ስለዚህ ከሥር ያለውን፣ የሌላ ሥራ የሆነውን፣ የሰይፉን ጨምሮ አነሣ። ልብሱን ለዘመድ አከፋፍለናል፤ ሬዲዮኑን ወንድሙ ወስዷል፤ ካርዶቹን መሥሪያ ቤቱ የኔ ናቸው ብሎ ሰብስቧል። ከንፈሩ ከነካው ነገር የቀረኝ ያ ኩባያ ብቻ ነበር። እኔም በገዛ እጄ አሥሬ ጋሪ ላይ ጫንኩት።

ሳቄ መጣ። ሰይፉ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እትዬ ዘነበች በአጥሩ ቀዳዳ ሰምተው ነጠላቸውን እየጎተቱ መጡ።

«ምነው! ምን ሆንሽ?»

«ማሽኑ ምንም አላጠፋም» አልኳቸው። «የተሳሳተው ትእዛዙ ነው።»

እትዬ ዘነበች ግንባሬን ዳሰሱ። ከዚያ ኩባያው መሆኑን ሲሰሙ፣ ስለ ዶሮዎቹም ሲያስታውሱ፣ ፊታቸው ተለዋወጠ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከጎኔ አልተለዩም፤ ዶሮ ማጠጣት ይህን ያህል ዕዳ ያመጣል ብለው አላሰቡም ነበር።

ጋሽ ቱፋ ዘንድ ሄድን።

«ጎደለ?» አሉኝ።

«አልጎደለም።»

«ተረፈ?»

«አልተረፈም።»

«ታዲያ ልክ ነው።»

«ችግሩ ልክ መሆኑ ነው፣ ጋሽ ቱፋ።»

ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ደርዘኑ ሙሉ ነው፤ እኔ ቤት የእድሩ አንድ ኩባያ አለ፤ እድሩ ቤት የኔ አንድ ኩባያ አለ። ማንም ቢቆጥር የጠፋ ነገር አያገኝም። ጋሽ ቱፋ ግን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡኝ። ከሥሩ በእርሳስ እንደተደፈነ ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

«ተደፍኖ አያፈስስም?»

«ጠብ አይልም።»

«ይገርማል» አሉ። «ባልሽ ብልህ ነበር።»

እኔም የመጨረሻው እስር ውስጥ፣ ከሁሉ በታች የነበረ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ኩባያ እሱ ነው አልኳቸው። ቅርጫቱ ተራውን ያስታውሳል ብዬ ተማምኜ ነበር። ጋሽ ቱፋ ሳቁ። ያ እስር ከዚያ ወዲህ ሦስት ቤት ተፈትቶ ታስሯል። አሁን ገሚሱ አንድ የእድራችን አባል ዐርፈው ብስራተ ገብርኤል ለቅሶ ላይ ነው፤ ገሚሱ ቀበሌ ነው።

ለቅሶ መድረስ ለሐዘንተኛም አይከለከልም። ከእትዬ ዘነበች ጋር ብስራተ ገብርኤል ወረድን። ድንኳኑ ውስጥ ሰዉ ሁሉ ኩባያ ይዟል፤ ኩባያው ሁሉ ነጭ ነው፣ ጠርዙ ሁሉ ሰማያዊ ነው። ዓይኔ ተቅበዘበዘ። የሰው ኩባያ ሥሩ የሚታየው ሰውየው ሲጠጣ ነው፤ የሚጠጣውን ሰው ኩባያ ሥር ለማየት ደግሞ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። አጠገቤ አንድ ቄስ ነበሩ። ሲጠጡ ዝቅ አልኩ። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ። አላየሁትም፤ እንደገና ሲጠጡ ዝቅ አልኩ። እንደገና አሳለሙኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ዝቅ ስል ኩባያውን ትተው፣ «ልጄ፣ የከበደሽ ነገር አለ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

ወደ ሌሎቹ ዞርኩ። ጥቁር ለብሳ ከአንዱ ሰው እግር ሥር ወደ ሌላው የምትደፋ የማትታወቅ ሴት በወንድ ለቅሶ ላይ ምን እንደምታስከትል እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ አላወቅሁም።

«ይቺ ሴት ማናት?» አለች አንዷ ከኋላ።

«የሟች የቅርብ ሳትሆን አትቀርም።»

«እንዴት ያለ ቅርብ?»

ሹክሹክታው ድንኳኑን ዞሮ የሟች ባለቤት ዘንድ ደረሰ። ሴትዮዋ ልቅሶዋን አቁማ ቀና አለችና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ኧረ እንዲያ አይደለም!» ብለው እትዬ ዘነበች ተነሡ። «ከሰውየው ጋር አይተዋወቁም! ኩባያዋን ነው የምትፈልገው!»

«ኩባያዋ እኔ ቤት ምን ያደርጋል?» አለች የሟች ባለቤት።

ከዚያ በኋላ የተባለውን አልጽፈውም። ቄሱ መስቀላቸውን በሁላችን መካከል ይዘው ቆመው ነበር። ነገሩ ሲጣራ የሟች ባለቤት አጠገቧ አስቀመጠችኝና የማንም ሳይሆን የሁለታችንም የሆነ ልቅሶ አብረን አለቀስን። ኩባያዎቹን ሁሉ ራሷ አስገልብጣ አሳየችኝ። አልነበረም።

ቀጥሎ ቀበሌ ነው። የመሠረተ ትምህርት ተመራቂዎች በዓል ነበር፤ አዳራሹ ሞልቷል፣ ሻይ ተቀድቷል። ሊቀመንበሩ ኩባያቸውን ከፍ አድርገው ስለ ጨለማና ስለ ብርሃን ይናገራሉ። ከመድረኩ ሥር ነበርኩ፤ የሳቸው ኩባያ ሥር ደግሞ አንድ የምታበራ ነገር ያየሁ መሰለኝ። ከወንበሬ ተንሸራትቼ አንገቴን ወደ ላይ አሰገግሁ።

«እናት! ከጓድ ሊቀመንበር ኩባያ ሥር ምን አይተሽ ነው?» አለኝ የአብዮት ጥበቃው።

ጮክ ብሎ ባይናገር ኖሮ ምንም አልነበረም። ያ ዘመን እንደምታውቁት ከዕቃ ሥር የሚገኝ ነገር ጥሩ የማይሆንበት ዘመን ነው። በአዳራሹ ያለው ሰው ሁሉ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ የራሱን ኩባያ ቀስ ብሎ ከፍ አደረገና ሥሩን አየ። ሊቀመንበሩም ገለበጡ። የሳቸው ግን ሻይ ሞልቶ ነበር።

ሻዩ ንግግሩ ላይ ፈሰሰ። የሳቀ የለም። ያልሳቅነው ሳቅ አዳራሹን ሞልቶት ጣሪያው ሊነሣ ነበር።

ቢሮ አስገቡኝ።

«ባልሽ ምን ነበር ሥራው?» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ሸሚዛቸውን እየጠረጉ።

«አስተርጓሚ ይሠራ ነበር፣ ጓድ።»

ቀና አሉ። «የየትኛው አገር ቋንቋ?»

«የማሽን ነው።»

እትዬ ዘነበች በር ላይ ሆነው፣ «ጓድ፣ ባሏ ሞቶባት ነው፤ ኩባያውን ብቻ ነው የምትለው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ዶሮ አጠጥቼበት ነው» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ሊቀመንበሩ ከዶሮው በኋላ ለማጣራት የፈለጉ አይመስለኝም። ኩባያዎቹ ሁሉ መጥተው ጠረጴዛው ላይ ተገለበጡ። አንድ በአንድ አየኋቸው። የመድረኩም ኩባያ ሥር ያበራው አምፖሉ ኖሯል።

«ከሥር ምንም አልተገኘም ብለህ ጻፍ» አሉ ጸሐፊውን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም የአባቴን ምላጭ አስቀምጫለሁ» አሉኝ። ሄጄ እንድተኛ አዘዙኝ።

ጥቂት ቀን ተኛሁ ማለት ይቻላል። ኩባያው የት እንዳለ እያሰብኩ መተኛት እንግዳ ነገር ነው። አሁን አንድ ሰው እየጠጣበት ይሆናል እላለሁ፤ ያ ሰው ከንፈሩን የት ጋ እንዳሳረፈ ላይ አሳቤ ይሄድና እነቃለሁ። ከዚያ ጋሽ ቱፋ ላኩብኝ። ጀሞ እህታቸው ማሳ ላይ ጤፍ እየተወቃ ነው፤ ለደቦው የእድሩ ኩባያ ሄዷል፤ «ነገርሽ እዚህ ነውና ነይ» ብለዋል።

ከእትዬ ዘነበች ጋር በእግር ሄድን። ቤቶቹ እየሳሱ ሄደው አለቁና ማሳ ብቻ ሆነ። ነፋሱ እብቁን እያነሣ በፀሐዩ ውስጥ ይዞ ይንሳፈፋል፤ በሬዎቹ በወርቅ ጭጋግ ውስጥ ዝም ብለው ይዞራሉ፤ የሚነዷቸው ሰዎች ዘፈን ከሩቅ ይደርሳል፣ ይጠፋል። እትዬ ዘነበች ስለ ጫማቸው እያማረሩ ነበር፤ እኔ ግን መሬቱን የረገጥኩም አይመስለኝ። አሁን ይሰጠኛል እያልኩ ነበር።

ጋሽ ቱፋ ከእህል ክምሩ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ፊታቸው እንደ ሙሽራ አባት በርቷል። ጨርቁን ፈቱና ኩባያዎቹን አንድ በአንድ ገለባው ላይ ገለበጧቸው።

ከሁሉም ሥር ምስር የምታክል ነጥብ ታበራለች።

«ያልሽኝን አሰብኩበት» አሉ። «የእድራችን ኩባያ ስንት ዓመት ሲያፈስስ ዝም ብዬ አያለሁ። ባልሽ መላ አግኝቶለታል። ሳሪስ ያለው ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ወስጄ የሚያፈስሰውን ሁሉ ቀይ ቀለሙን አስፍቄ አስደፈንኩት። የሱንም ከሌላ ለቅሶ ቤት ከተመለሰው እስር መሐል በጣቴ ዳስሼ አግኝቼዋለሁ። ከመሐላቸው አንዱ ነው።»

«የትኛው?» አልኩ።

«የቱ ነበር...» አሉ ጋሽ ቱፋ። አንዱን አነሡ። አስቀመጡት። ሌላ አነሡ። ዓይናቸው ደክሟል ብያችኋለሁ። እጃቸው ቀስ እያለ ሄደና ቆመ። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁት።

ገለባው ላይ ቁጭ አልኩ። በከንፈሬ አውቀዋለሁ ብዬ ውኃ አስቀዳሁ። ከመጀመሪያው ጠጣሁ፤ የሱ መሰለኝ። ከሁለተኛው ጠጣሁ፤ እሱም መሰለኝ። ሦስተኛው ብረት ብረት ይላል፤ የሰይፉም ብረት ብረት ይል ነበር። እየጠጣሁ ሄድኩ። ደቦተኞቹ ሥራቸውን ትተው ያዩኝ ጀመር።

«ኧረ ሆድሽ ሊፈነዳ ነው» አሉ እትዬ ዘነበች። «አንዱን ውሰጂና እሱ ነው በይ፤ ማን ይከራከርሻል?»

«እሱ ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ካልሆነ ነዋ! ውኃ አይዝም?»

ጋሽ ቱፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው በጉልበታቸው ላይ ያሽከረክሩ ነበር። «አበላሸሁብሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

መልስ ፈልጌ ኩባያዎቹን አየሁ። እሱ ከነዚህ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ግን ከዚህ በኋላ ማንም አያውቅም፤ እኔም፣ ጋሽ ቱፋም፣ ቆርቆሮ ሠሪውም። ለቅሶ ላይ ያልወጣ እንባ ነበረኝ መሰለኝ፣ እዚያ ገለባ ላይ ወጣ። እትዬ ዘነበች ዝም አሉ፤ ያ ብቻውን የሰማይ ምልክት ነው።

«አላበላሹም» አልኳቸው ሲወጣልኝ። «ከመሐላቸው አለ።»

አውድማው ላይ ያሉት ሰዎች ጠምቷቸው ነበርና እየተጠራሩ መጡ፤ እብቅ የለበሱ፣ ቅንድባቸው ሳይቀር ወርቅ የሆነ ሰዎች። እኔ ኩባያዎቹ መሐል ስለተቀመጥኩ አሳልፎ መስጠት የኔ ሥራ ሆነ። የጋሽ ቱፋ እህት እየቀዳች እኔ አደልኩ። አንዱ ጎልማሳ ጠጥቶ ጨረሰና ኩባያውን ከፍ አድርጎ ሥሩን አየው።

«ሌላ ጊዜ ገሚሱን ሱሪዬ ነበር የሚጠጣው» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ቤት ያገኘሁትን የእድሩን ኩባያ ከቦርሳዬ አውጥቼ ለጋሽ ቱፋ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝና በጣታቸው ቆጠሩ።

«አሁን ከደርዘኑ አንድ ተረፈ። ይሄን የት ላስረው?»

«ብቻውን ይታሰር።»

«አንድ ኩባያ እስር ይባላል?»

«ይባላል» አልኳቸው። እርግጠኛ ነበርኩ፤ ይህን የሚያውቅ ሰው አስተምሮኛል።

ጋሽ ቱፋ ኩባያውን ብቻውን በጨርቅ ቋጠሩት። «እኔ ከእንግዲህ ከሥር ማየት አልችልም» አሉ፤ «አንቺ ታያለሽ» ብለው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከአንገታቸው አወጡ።

አሁን የእድሩን ዕቃ የምይዘው እኔ ነኝ። ለቅሶ ሲኖር ኩባያዎቹን አወጣለሁ፤ ሲመለሱ አጥባቸዋለሁ፣ አደርቃቸዋለሁ፣ ደርዘን ደርዘን አድርጌ አሥራቸዋለሁ።